የታች ሰፈር ፉከራና የአሜሪካው ካሴት

ረቡዕ

አሜሪካኖች የሚሉትን ሁሉ የምሰማ ሰው ሆኛለሁ። እሺ፣ ሁሉን አይደለም። አንድ ቃል ነው፤ እሱንም ሾፌሩ ነግሮኝ ነው።

ሾፌሩ መኮንን ከአስመራ ጨው ጭኖ መጣ። እኛ ጫኝና አውራጆቹ ስናወርድ እሱ ጋቢና ውስጥ ቴፕ ከፈተ። ሰውዬው አይዘፍንም። ይናገራል፤ ግን እንደሚሮጥ ሰው ነው፣ ከበሮው እግር በእግር እየተከተለው።

«ይሄ ሰውዬ ከማን ጋር ተጣልቶ ነው?» አልኩት።

መኮንን ሳቀብኝ። የሰፈር ጎረምሶች ናቸው አለኝ፤ እዚያ አገር የአንዱ ሰፈር ልጅ ሌላው ሰፈር ከገባ በጩቤ ነው የሚቀበሉት። አሁን ግን ጩቤውን አስቀምጠው በቃል ይዋጋሉ፤ የተሸነፈ ቤቱ ይገባል። እየደጋገመ የሚለው «እኔ፣ እኔ» ነው አለኝ።

ታዲያ ይሄ ፉከራ አይደል እንዴ? የኛ አያቶች ያለ ቴፕ ሲሉት የኖሩትን? ካሴቱን ከነቴፑ ከጎንደር እስኪመለስ አዋሰኝ። ይህን ሁሉ በገዛ እጄ ጻፍኩ። አምና በጣቴ ነበር የምፈርመው፤ ዘንድሮ ማታ ማታ ፊደል ቆጥሬ የቀበሌውን ማስታወቂያ ቆሜ አነባለሁ፣ ስህተትም አወጣለሁ።

ሐሙስ

የቴፑ ባትሪ ድንጋይ አለቀ። ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ ትንሽ ነፍስ ዘራ።

ወንድሜ ጋሻው አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የታች ሰፈር ጎረምሶች አለቃ። ጓደኞቹን ሰብስቦ ሲሰማ ዋለ። አንድ ቃል አይገባቸውም፤ አረማመዳቸው ግን ተለወጠ። አይገርመኝም። ስብሰባ ላይ «እኛ፣ እኛ» ሲባል ሲያጨበጭቡ የሚውሉ ልጆች ናቸው። ይሄ ሰውዬ «እኔ» ይላል፣ ማንም «ተቀመጥ» አይለውም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በጥምቀት ማግስት ከላይ ሰፈሮች ጋር በዱላ ተማትተው የላይ ሰፈሩ አለቃ ሰጠኝ ክንዱ ተሰበረ። ማን እንደሰበረው የሚናገር ጠፋ። እኔ አውቃለሁ፤ ዱላው ከቤታችን በር ኋላ ቆሟል። የቀበሌው ሊቀመንበር የሰበረውን ካገኙ ለውትድርና እንደሚልኩት በስብሰባ ተናግረዋል። ዕድሜው አልደረሰም ብል ማን ይሰማኛል? ቅዳሜ ደግሞ ላይ ሰፈሮች ሊበቀሉ ነው።

ዓርብ

ላይ ሰፈር ወጣሁ። ብቻዬን፣ ያለ ዱላ። (ዱላ ነበረኝ፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ደበቅሁት።) በብብቴ ቴፑን ይዣለሁ።

ሰጠኝ ክንዱን በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አጥር ላይ ተቀምጧል።

«ምነው ጫኙ፣ መንገድ ጠፋህ?»

«ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ መንገድ አይጠፋኝም» አልኩት። ከዚያ ስለ አሜሪካ ልጆችና ስለ ጩቤው ነገርኩት። «አንተም በአንድ እጅህ ምን ትመታለህ? በአፍህ ምታ።»

«የተሸነፈስ?»

«እስከ ፋሲካ በሌላው ሰፈር ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል።»

ቴፑን ከፈትኩለት። እንዳልሰማ ፊቱን አዞረ። እግሩ ግን ከከበሮው ጋር ይመታ ነበር። «ይሁን» አለ።

ቅዳሜ

ገበያው ሲበተን ከብት ተራው ላይ ተሰበሰብን። በየሠርጉ የሚፎክሩት አያ ታደገ ዳኛ ሆኑ። ደንቡን ተናገሩ፦ ያደረገውን የሚፎክር ምስክር ይጥራ፤ ምስክር የሌለው ይቀመጥ።

ጋሻው ዘሎ ገባ። ልክ እንደ ካሴቱ ትንፋሽ ሳይወስድ፦

ዘራፍ! እኔ ጋሻው፣ በጥምቀት ማግስቱ፣
የሰጠኝን ክንዱን ሰበርኩት በብርቱ።

«ምስክሬ ወንድሜ ነው!»

ልጁ በፉከራው ሰከረ። ያን ጊዜ ነው ሊቀመንበሩን ያየኋቸው። ከአህዮቹ ጀርባ ቆመው ኖሯል። ቀስ ብለው ወጡና «እስቲ ምስክሩ ይናገር» አሉ።

አይቻለሁ ብል ወንድሜን አሳልፌ መስጠቴ ነው። አላየሁም ብል በሕዝብ ፊት ውሸታም ማድረጌ ነው፤ ከእንግዲህ ማን ያዳምጠዋል? ዘልዬ ገባሁ፦

ዘራፍ! የደባርቅ ልጅ፣ የውርጩ ጓደኛ፣
ነብር ስሜን ሰምቶ ታሞ አልጋ ላይ ተኛ።
ሊማሊሞን በጀርባ ተሸክሜ ወጣሁ፣
ደክሞኝ እንዳይመስላችሁ፣ ጠላ አምሮኝ መጣሁ።

«የሰጠኝን ክንድም የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ የቡይት ራስን ገደል የቆፈርኩትም እኔ ነኝ። ጓድ ሊቀመንበር፣ ሁሉንም ይያዙልኝ። መጻፍ ከሰለቸዎ እኔ እጽፍልዎታለሁ።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም። ወደ ሰጠኝ ዞሩ።

«አንተ ተናገር። ማን ነው የሰበረህ?»

ሰጠኝ ጋሻውን አየው። እኔን አየኝ። ደረቱን ነፋ።

«እኔን የሚሰብር ታች ሰፈር አልተወለደም። ከበቅሎ ወድቄ ነው።»

«ምስክር!» አለ ሕዝቡ።

አያ ታደገ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። «በቅሎዋ የኔ ናት። ስትጥለው አይቻለሁ» አሉ።

አያ ታደገ በቅሎ ኖሯቸው አያውቅም።

እሑድ

ጠዋት ሊቀመንበሩ ደጃችን መጡ። ካሴቱን ለምርመራ ይፈልጉታል። «ሾፌሩ ወሰደው» አልኳቸው። ተቀምጬበት ነበር። «ዓይኔ እናንተ ላይ ነው» ብለው ሄዱ። እኔም ዓይኔ እሳቸው ላይ ነው፤ ግን ይህን በልቤ ነው ያልኩት። ነገ ምን ይዘው እንደሚመጡ አላውቅም።

ከሰዓት ሰጠኝ በሰፈራችን አለፈ፤ አንገቱን ሳይደፋ። ጋሻው ከአጥሩ ሆኖ «በቅሎህ ደህና ናት?» አለው። «ትጠይቅሃለች» አለው ሰጠኝ። ዱላ ያነሣ የለም። ማን እንዳሸነፈ ገና እየተጨቃጨቁ ነው።

አንድ ነገር ብቻ። መኮንን የነገረኝ ስለ ጩቤው ብቻ ነው። ጩቤውን አስቀምጠው በቃል ይዋጋሉ ያልኩት ከራሴ ነው፤ ረቡዕ ስጽፈው አምሮኝ ጨመርኩት፣ ዓርብ ለሰጠኝም ያንኑ ነገርኩት። እዚያ አገር ይሁን አይሁን አላውቅም። ደባርቅ ሆኗል። ምስክር ካስፈለገ፣ እኔ አይቻለሁ።