መርፌና አሮጌው ታብሌት

ለምወድዎ አክስቴ ለእትዬ ስመኝ፣

እንደምን ከርመዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ለምታነብልዎ ለሔርሞንም ሰላምታዬ ይድረሳት። መስመሩ ተንጋዶ ካስቸገራት ይቅር ትበለኝ።

ልጄ ማራኪ በሕፃንነቷ ካርቱን ታይበት የነበረውን ታብሌት ከመሳቢያ አውጥቼ ሥራ ሰጠሁት። በመጻሕፍት ደግፌ፣ ካሜራውን ዙም ሳደርገው፣ ከሥሩ ያስቀመጥኩትን ሁሉ አጉልቶ ያሳየኛል። በእሱ እያየሁ ዳዊት እደግማለሁ፣ ጥልፍም እጠልፋለሁ። ማራኪ “ማም፣ ጌት ኒው ግላስስ!” ትለኛለች። መነጽሩንማ ዘንድሮ ሁለቴ ቀየርኩት።

መኪናዬንም ለእሷ ሰጥቻታለሁ። ኢስተን በሚባለው ሰፈር እስካለው ሥራ ቦታዬ የሚያደርሰኝ ባለቤቴ ዘውዴ ነው። “መንገድ ላይ ካንተ ጋር መጨዋወት ናፈቀኝ” ብዬዋለሁ።

ትናንት መርፌዋ ታብሌቱ ላይ የበር ቁልፍ አክላ ስትታየኝ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ደሴ በረንዳው ላይ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ፣ ክሩን በምራቄ አርጥቤ በአንዴ ሳስገባልዎ “ንስሬ!” ይሉኝ ነበር። ያቺን ቃል ለመስማት ስል ያልተበጠሰ ክር እበጥስ እንደነበር ያውቁ ኖሯል?

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያኔ መርፌውን ለእኔ መስጠት ሲጀምሩ ዕድሜዎ ስንት ነበር? እኔ ለጥቅምት አርባ ስድስት ይሞላኛል። መልሱን ሔርሞን አትጻፍልኝ፤ በራስዎ ድምፅ ቀድታ ትላክልኝ።

ጉልበትዎን ስሜ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ እላለሁ።

ንስርዎ፣
ጽጌ
ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ