የጋሽ በየነ አረማመድ

እሑድ፣ ኦክቶበር 18፣ 2015

ዛሬ እዚህ ኦስሎ፣ ሆልምሊያ ሰፈር፣ ከአምልኮ በኋላ አንዲት እናት እጄን ያዙኝ። «አንቺ የቀበሌያችን ኪነት ውስጥ የነበርሽው ትንሿ ቀልደኛ አይደለሽም?»

«ኔይ፣ አይደለሁም፤ ተሳስተዋል» ብዬ ዋሸኋቸው፤ ያውም ቸርች ውስጥ።

የጎረቤታችን የጋሽ በየነ ሚስት መሆናቸውን ገና ሳያቸው አውቄአለሁ። ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። መድረክ ላይ እያነከስኩ የጋሽ በየነን አረማመድ ሳሳይ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል፤ እኔም ይባስ ብዬ እወድቃለሁ።

«ባለቤቴ ያቺን ልጅ ይወዳት ነበር» አሉኝ እጄን ሳይለቁ። «ካየችኝ ታፍራለች ብሎ የኪነት ቀን ከቤት አይወጣም ነበር።»

እስከ ባቡሩ ሸኘኋቸው፤ ስሜን ግን አልነገርኳቸውም። ጋሽ በየነ ተሳስተው ነበር። ያኔ ባያቸውም አላፍርም ነበር።