የፊልሙ ሦስተኛ ሴት

ሰኞ

ተመልሷል። ያው ፊልም፣ ያው ማስታወቂያ፣ ጥጉ ላይ የተቀደደው ሳይቀር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሲኒማ ቤቱ ግድግዳ ላይ አየሁት። ጥቁር ካባ የለበሰ ሰውዬ፣ ከሥሩ የምትጮህ ልጃገረድ። እግሬ ቀጥ አለ። እህቴ ተሬዛ ባለፈው ዐቢይ ጾም ያየችው ይኼንን ነው።

ለእማዬ አልነገርኳትም።

ተሬዛ የሞተችው በጥቅምት መግቢያ ነው። ክረምቱን ዝዋይ አካባቢ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስታስተምር ቆየች፤ ስትመለስ ትኩሳት ጣላት። ሐኪሙ ወባ ነው ብሎናል። እማዬ ግን የራሷ ምክንያት አላት። ፊልሙ የታየው ዐርብ ነበር፤ እኛ ካቶሊኮች ስለሆንን ተሬዛ ለፍኖተ መስቀል ጸሎት ቤተ ክርስቲያን መሄድ ነበረባት። «ሂጂ፣ ለአባትሽ አልነግርም» ብላ ሲኒማ የላከቻት እማዬ ናት። ለቅሶው ላይ ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ «ከዚያ ከሰይጣን ፊልም ተከትሏት የመጣ ነው» አሉ። ከሁዳዴ እስከ ጥቅምት ድረስ ሰይጣኑ የት ከርሞ ነው? ማንም አልጠየቃቸውም። እማዬ አመነች።

አሁን ስትጸልይ ደረቷን ትመታለች። ለሐዘን ደረት ሲመታ አውቃለሁ፤ በቀብሩ ቀን ሁሉም መትቷል። የሷ ሌላ ነው። ቀስ ብላ፣ በጡጫ፣ እንደ ጥፋተኛ። የፊታችን እሑድ የአርባው ቅዳሴ ነው። እሷ ግን አልቆርብም፣ እኔ የልጄን ነፍስ ያጠፋሁ ነኝ ብላለች።

ማክሰኞ

የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ አባ ጋ ሄድኩ። ለእማዬ ኃጢአት የለብሽም ብለው ደጋግመው ነግረዋታል። «እኔ ስነግራት ላጽናናት ብዬ ይመስላታል» አሉኝ። ከዚያ «እስቲ አንተ ሞክር።» እኔ! ገና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ!

ስመለስ ተሬዛ በቀበሌው አዳራሽ የተናገረችውን አስታወስኩ። ፊልሙ ያኔ የታየ ሰሞን የወጣት ማኅበሩ ውይይት አድርጎበት ነበር። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ የጣልያን ባላባት ከሞተ ሰው ጋር ውል ገብቶ የገዛ ልጁን ይሸጣል። ልጅቱ ትታመማለች። ሚስቱ ውሉን አታውቅም፤ ከጋብቻዬ በፊት ሌላ ሰው ስለወደድኩ የመጣ ቅጣት ነው ብላ ታምናለች። ሊቀ መንበሩ የፊልሙን መደባዊ ትምህርት ጠየቀ፤ ሁሉም የፊውዳል ብዝበዛ ነው አሉ። ተሬዛ እጇን አወጣች።

«ሦስት ሴቶች አሉ። አንዷ ትጮኻለች። አንዷ ቆንጆ ስለሆነች ትሞታለች። ሦስተኛዋ እናትየዋ ናት፤ እሷ ትንበረከካለች። ያጠፋው ባልየው ነው። እሱ ግን አንዴም አይንበረከክም።»

ሊቀ መንበሩ «ጓዲት፣ ጥያቄ ነው ወይስ አስተያየት?» አላት። «እንደ ፈለጉ ይያዙት» አለችው። ሰው ሁሉ ሳቀ! አጠገቤ ለተቀመጠው ልጅ «እህቴ ናት እኮ» አልኩት። የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ድሮም ያውቃታል።

ኀሙስ

ዛሬ ኅዳር ታጠነ። ናዝሬት በሙሉ ጭስ በጭስ፤ ዓይኔ አሁንም ይለበልበኛል። ሰው ሁሉ በሽታ እንዲወጣ ቆሻሻውን ደጁ ላይ ያነዳል። እማዬ ከቆሻሻው ጋር የተሬዛን ቢጫ ቀሚስ ይዛ ወጣች። ሲኒማ የሄደችበትን።

እሳቱ ሳይነካው ከእጇ ነጠቅኳት። እንዲህ ደፍሬያት አላውቅም። «ያላየሽውን ነገር ነው የምትወነጅይው!» ብዬ ጮህኩ፤ «ፊልሙ ተመልሷል፤ ነይና እይው!»

በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። «ሐዘንተኛ ሲኒማ ቤት? ሰው ምን ይለኛል?» ብቻ አለች። አልሄድም ግን አላለችም።

ዐርብ

የሚያስፈሩኝ፦ አባዬ ከድሬዳዋ በጊዜ ከመጣ (ባቡር ላይ ነው የሚሠራው፤ ቀኑ አይታወቅም)። እትዬ ብርቄ ካዩን። ፊልሙ መሐል ላይ ከተቃጠለ። የባሰው ደግሞ፣ እማዬ አይታው «እውነትም ሰይጣን ነው» ካለች።

ጠዋት ቢጫው ቀሚስ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቶ አየሁት። ጭሱ ለቆታል።

ቅዳሜ

ሄድን!

ባለ ጋሪው ጥቁር ልብሷን አይቶ፣ በኦሮምኛ እናቴ ሲል፣ «ሀርሜ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው?» አላት። «የለም፣ ሲኒማ ቤት» አለችው፣ ድምጿን ሳትቀንስ። ሰውዬው ዞሮ ሲያየን ፈረሱን ረሳው።

ነጠላዋን ተከናንባ፣ መቁጠሪያዋን ጨብጣ ተቀመጠች። ሙትየው ከመቃብር ሲወጣ አዳራሹ ተንጫጫ፤ እሷ «ፊቱን ዱቄት ቀብተውት ነው» አለችኝ። ለምትጮኸዋ ልጅ ደግሞ «ከምትጮህ በሩን አትዘጋውም?»

ከዚያ እናትየዋ መጣች። እማዬ በልጅነቷ የጣልያን ሲስተሮች ወጥ ቤት ስለሠራች ቋንቋውን ትሰማለች፤ እኔ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ ሳነብ እሷ ከአፏ ትቀበላት ነበር። ሴትየዋ ልጇ አልጋ አጠገብ ተንበርክካ ደረቷን ትመታለች። ቀስ ብላ፣ በጡጫ። ልክ እንደ እማዬ። ከኋላዋ በሩ እየተከፈተ ነው፤ ባልየው ሙቱን እየመራ ያስገባዋል። እሷ በደለኛዋ እኔ ነኝ ትላለች።

እማዬ ብድግ አለች።

«አንቺ ሴትዮ! ተነሽ! አንቺ ምን አደረግሽ? ዞር በይና እይው እንጂ!»

ሰው ሳቀ። አስተናባሪው ባትሪውን እያበራ መጣ፤ «እማማ፣ ፊልም እኮ ነው፣ አትሰማዎትም።»

«ታዲያ ማን ይንገራት?» አለችው።

ከኋላ አንዱ «ተዋቸው! እውነታቸውን ነው!» አለ። ሌላው «ተነሽ!» አለ። ከዚያ የኋላ ወንበር በሙሉ፣ ያ ሁልጊዜ የሚያፏጨው ሁሉ፣ «ተነሽ! ተነሽ!» አለ።

እማዬ አለቀሰች። እጄን ይዛኝ ሳያልቅ ወጣን፤ ጎንበስ ሳትል፣ በመሐል መንገዱ። እንደዛሬ ደረቴን ነፍቼ ሄጄ አላውቅም። መንገድ ላይ ተሬዛ ስለ ሦስቱ ሴቶች ያለችውን ነገርኳት። «እንዲህ አለች? ሰው ፊት?» አለች። «ሰው ፊት» አልኳት። አንድ ጊዜ እንደገና አስነገረችኝ።

እሑድ

አርባዋ ዋለ። አባዬ ደርሷል። እትዬ ብርቄ ሲኒማውን ሰምተዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «እንዴት ነበር ፊልሙ?» አሏት። እማዬ «ጥሩ ነው፣ እርስዎም ይዩት» ብላ አለፈች።

«በበደሌ» እየተባለ ደረት የሚመታበት ጸሎት ሲደርስ አላይም ብዬ አየኋት። እጇን ዘርግታ ደረቷን እንደ ሰው ሁሉ ነካ ነካ አደረገችው። ጡጫ የለም። ቁርባን ላይ ሰልፉ ሊያልቅ ሲል ተነሣች። ቆረበች።

ስንመለስ ከአባዬ ኋላ ቀረት ብላ «ያቺ ሴትዮ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ተሬዛ ነግራኛለች። ሴትየዋ እዚያው እንደተንበረከከች ትሞታለች።

«ትነሣለች» አልኳት።

«ጎሽ» አለች እማዬ።

ይኼ ለንስሐ የሚቀርብ ውሸት ይሆን? አባን ብጠይቃቸው ይነግሩኛል። ለጊዜው አልጠይቃቸውም።