አረንጓዴ ክር የታሰረበት ድስት

ይድረስ በሐሳቤም በሕልሜም ለማትለዪኝ ታላቅ እህቴ ለሙሉመቤት ሀብተ ወልድ፣ ካለሽበት ቤሩት።

እታለም፣ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ፣ ወገብሽስ፣ ያ አላስተኛ ያለሽ ሳልስ ለቀቀሽ? የቤሩት ብርድ አጥንት ይገባል ይላሉና ካልሲ ደርበሽ ተኚ። ማዳምሽስ ጠባይዋ ትንሽ ለዘብ አለ? ልጆቿስ ደህና ናቸው? አንቺ የምታሳድጊያቸው ስለሆኑ ሳላውቃቸውም ደህንነታቸውን እጠይቃለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን። «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ እንዳልዘጋው ግን የምነግርሽ ነገር አለኝ። መጀመሪያ ገናን ላውራሽ፤ አለበለዚያ በዓሉን ሰረቅሽኝ ብለሽ ትቀየሚኛለሽ።

የላክሽው ዕቃ ለበዓሉ ደርሶልናል። አባባ ሹራቡን ከለበሰው ወዲህ ማውለቅ አቃተው። ሰባተኛ ሰፈራችን ላይ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ እሱ ላቡን እየጠረገ ከሱቅ ሱቅ ሰላምታ ሲያድል ይውላል። «ጋሽ ሀብተ ወልድ፣ ብርድ ብርድ አለዎት እንዴ?» ሲሉት «ልጄ ናት የላከችልኝ፣ ከቤሩት!» ይላል። ላልጠየቀውም ይናገራል። በግ ሊገዛም በዚሁ ሹራብ ሄደ። ነጋዴው ከውጭ የመጣ ሰው መስሎት ዋጋውን ሰማይ ሰቀለበት። አባባ ተናዶ ቤት ተመለሰና የድሮ ኮቱን ለብሶ ሌላ ነጋዴ ዘንድ ሄደ። የገዛው በግ ግቢ እንደገባ የማሙሸትን አዲስ ሸሚዝ ከገመድ ላይ ስቦ አንድ እጅጌውን በላበት። ወንድምሽ ገናን ያሳለፈው እጅጌውን ሰብስቦ ነው፤ አንዱ ስለሌለ ሌላውን ማለቴ ነው።

ማሙሸት ከሚሠራበት ከጎጃም በረንዳ ሲመለስ ትልቅ የጽድ ቅርንጫፍ ተሸክሞ መጣ። እንደ ልማዳችን በጣሳ ተክለን ጥጥ እየነጨን ሰቀልንበት። በረዶ በዓይናችን አይተን የማናውቅ ሰዎች «እዚህ ጋ በረዶው በዛ፣ እዚያ ጋ ሳሳ» እየተባባልን ተጨቃጨቅን። አንቺ እውነተኛውን ስላየሽው እስቲ ፍረጂን፣ ጥጥ ይመስላል? ዛፉን አልብሰን ስንጨርስ እማዬ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ «ኧረ ጥጡን የምትሰቅሉት መቼ ነው?» አለችን። የቀለደች መስሎን ሁላችንም ሳቅንባት።

የሁለቱን ድስት ነገር መቼም አትረሺውም። የበዓል ዋዜማ ሲሆን ሁለት ዶሮ ይታረዳል። አንዱን አባባ በእኛ ደንብ ያርዳል፤ ሌላውን ጋሽ ጃፋር የራሳቸውን ቢላ ይዘው መጥተው፣ ቢስሚላህ ብለው ያርዳሉ። የእሳቸውን እማዬ በሌላ ድስት፣ በሌላ ማማሰያ ትሠራለች። እንዳይደባለቅ ድስቱ ጆሮ ላይ አረንጓዴ ክር ታስራለች። በዒድ ደግሞ ተራው የአባባ ነው፤ እነሱ ጋ ሄዶ ለእኛ የሚሆነውን ያርድልናል። እኛ ሳንወለድ ጀምሮ በአንድ ግቢ እንዲህ እየተበላላ ነው የተኖረው። ዘንድሮ ገናና ረመዳን ስለተጎራበቱ የጋሽ ጃፋር ባለቤት እትዬ ማሂራ እማዬን «የሻሽዬ፣ ከጾሜ በፊት የመጨረሻው ዶሮዬ ያንቺ ነውና አሳምሪው» ብለዋት ነበር።

የገና ለት እኛ ከቤተ ክርስቲያን መጥተን ጋደም እንዳልን እማዬ ብቻዋን ጓዳ ገብታ ለእነ እትዬ ማሂራ በሳህን አወጣች። ማሙሸት አደረሰው። ቆየት ብዬ እኔ ለአባባ ምሳ ላቀርብ ስገባ አረንጓዴ ክር ያለበትን ድስት ከፈትኩ። እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ጭልፋ አልነካውም። የጎደለው የእኛ ድስት ነው። እታለም፣ ነጠላዬን ጥዬ፣ ጫማዬን አንድ እግር ብቻ አድርጌ ግቢውን አቋርጬ ሮጥኩ።

እነ እትዬ ማሂራ ቤት ትሪው ቀርቧል። ጋሽ ጃፋር እጃቸውን ታጥበው ተቀምጠዋል። ሳህኑ ግን እንደተከደነ መስኮቱ ላይ ነው። አፌን ልከፍት ስል እትዬ ማሂራ ቀደሙኝ። «አልቀመስነውም፣ አትደንግጪ» አሉኝ። «እናትሽ ክዳኑም ላይ ክር ሳታስር ልካልኝ አታውቅም። ዛሬ ክሩን ሳጣው ዝም ብዬ አስቀመጥኩት።» ምን ሊያደርጉት እንደነበር ስጠይቃቸው አፈሩ። ለካስ ወጡን ከግቢው ጀርባ ላለችው ለሙሉብርሃን ሰጥተው፣ ሳህኑን አጥበው፣ «እጅሽ ይባረክ» ብለው ሊመልሱላት ነበር። እማዬ እንዳታፍር ብለው የበዓል ምሳቸውን ሊተዉት ነበር ማለት ነው። «ልጄ፣ ከክረምት ጀምሮ ክሩን በመርፌዋ ቀዳዳ የማስገባላት እኔ ነኝ። ለልጆቼ ትንፍሽ እንዳትዪ ብላ አስምላኛለች» አሉኝ።

ዞር ስል እማዬ በራፉ ላይ ቆማለች። እጇ ግድግዳው ላይ ነው፤ እየዳበሰች ነው ተከትላኝ የመጣችው። ሁሉንም ሰምታለች። እዚያው ደፍ ላይ ቁጭ አለችና አለቀሰች። «ዕድሜ ልኬን የጠበቅሁትን! ማሂራን ላረክሳት ነበር!» እያለች ትንሰቀሰቃለች። እትዬ ማሂራ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጡና በሻርፓቸው ዓይኗን እየጠረጉ ተቆጧት። «ዝም በይ! ያልበላሁትን አበላሁሽ ትዪኛለሽ እንዴ? ይልቅ ተነሺና የእኔን ድስት አስመጪልኝ፤ እስካሁን ጦሜን ነኝ፤ ጃፋርም ይሄው ከታጠበ እጁ ደረቀ።» ጋሽ ጃፋርም እንደ ሕፃን ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው አሳዩዋት። እማዬ እያለቀሰች ሳቀች። ያን ቀን ሁለቱንም ድስት አውጥተን፣ በሁለት ትሪ፣ በአንድ ቤት በላን። እትዬ ማሂራ አንድ ሰው ማዶ ወዳለው ትሪ እጁን በዘረጋ ቁጥር ይጮሁ ነበር።

ከምሳ በኋላ እማዬ ራሷ ነገረችን። «እኔማ ዘንድሮ የማየው ነገር ሁሉ ላይ ጥጥ አለበት» አለች። የዋዜማው ሳቃችን ትዝ አለኝና የምገባበት ጠፋኝ።

እንዴት ሳታዩ ቀራችሁ ትዪን ይሆናል። ከበርበሬ በረንዳ ዛላ እያስመጣች ስትቀነጥስ የኖረች ሴት ዓይኗ መቼ ደርቆ ያውቃል? ስታነባ በርበሬው ነው፤ ስታሻሸው በርበሬው ነው፤ በርጩማ መትቷት ስትወድቅ እንኳ በርበሬው አጥወልውሏት ነው አልን። ሁሉንም በበርበሬው አሳበብን። እሷም ተመቻት።

ከበዓሉ በኋላ ማሙሸት ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። የዓይን ሞራ ነው፤ ሁለቱንም ይዟታል። ሐኪሙ ቀኙን በቀዶ ጥገና እንደሚጀምርላት፣ ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ደህና አድርጎ እንደሚያይ፣ በቆየ ቁጥር ግን ሥራው እየከበደ እንደሚሄድ አስረድቶ ለመጋቢት ቀጠሮ ሰጣት። እማዬ ቀጠሮውን ተቀብላ፣ አመስግና፣ መንገድ ላይ ለማሙሸት «አላስነካም» አለችው። አባባ ለመናት፤ እምቢ። የንስሐ አባታችን መጥተው መከሯት፤ ጠበሉን ጠጥታ እምቢ። ብቻችንን ስንሆን ምክንያቷን ጠየቅኋት። «ያለችኝ ብርሃን ትንሽ ናት፤ ግን አለች። ቢነኩትና እሷም ብትጠፋስ? ለሙሉመቤት ፊት ያስቀመጥኳት ናት። ልጄ ትምጣ፣ ፊቷን ልይ፣ ከዚያ እንዳሻቸው ይቅደዱት» አለችኝ። ለአንቺ እንዳልጽፍልሽም በማርያም ተማጠነችኝ። ማርያም ታየኛለች፤ እኔ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ጥምቀት ለትም ታቦት ሲያልፍ ቤት አልቀርም አለች። እኛ ቀድመን ወጥተን ስለነበር እትዬ ማሂራ ጾማቸውን ይዘው፣ ክንዷን ደግፈው እስከ አስፋልቱ አመጧት። ሰው ሁሉ እልል ሲል እሳቸው ጆሮዋ ሥር ሆነው «የፊተኛው ጃንጥላ ቀይ ነው፣ ዘርፉ ወርቅማ ነው፤ ከኋላ ደግሞ ሰማያዊ መጣልሽ፤ ቄሱ ወጣት ናቸው፣ ፂማቸው ገና ነው» ይሏት ነበር። እማዬ እየሰማች ራሷን ትነቀንቃለች። ከኋላቸው ቆሜ እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

አሁን ስለ ፎቶሽ ልንገርሽ። ከሹራቡ ጋር የላክሽውን፣ ጸጉርሽን በአጭሩ ተቆርጠሽ በረንዳ ላይ የቆምሽበትን። አባባ መጀመሪያ ያየው ጊዜ ስለ ጸጉርሽ ትንሽ አጉረመረመ፤ ኋላ ግን ወደደው። እማዬ ተቀበለችው፣ አቅርባ አየችው፣ አርቃ አየችው፣ ሳመችው፣ ከዚያም «ሹሩባው እንዴት አምሮባታል!» አለች። አባባ እኔን አየኝ፤ እኔም እሱን አየሁት። «አዎ፣ አምሮባታል» አልናት።

እታለም፣ ነይ አልልሽም። ውልሽን እንዳደሱብሽ፣ ፓስፖርትሽም ማዳምሽ እጅ እንደሆነ ለእኔ ጽፈሽልኛል፤ ለእሷ ግን ለፋሲካ እመጣለሁ ብለሻታል። እንዳትከፋ ብለሽ እንደሆነ ይገባኛል፤ እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የምላት። አሁን ግን ያ ቃል ነው አስሮ የያዛት። አንቺ እመጣለሁ ባልሽ ቁጥር እሷ ያቺን ብርሃን ይዛ በር በሩን ትጠብቃለች። ስለዚህ በካሴት ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪልኝ። «እማዬ፣ ለፋሲካ አልመጣም፤ መቼ እንደምመጣም አላውቅም። እስከዚያ ዓይንሽን ታክመሽ ቆዪኝ» በያት። ከባድ ቃል ነው፤ ስትሰማው ታለቅሳለች፤ አጠገቧ እሆናለሁ። ከመጋቢት በፊት ከደረሰልን ቀጠሮው አያመልጠንም። እኔ የምላትን «አንቺ ልጅ ነሽ» እያለች አልሰማም ብላኛለች፤ የአንቺን ግን ትሰማለች። ስትቀጂው ድምፅሽ ቢሰበርም አትመልሺው፤ እንደተሰበረ ላኪው።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ሰዓደት ናት፣ የጋሽ ጃፋር የእህት ልጅ። እሷም ለሥራ ወደዚያው መምጣቷ ነውና እንደ እኔ አድርገሽ ተቀበያት፤ ማንንም አታውቅም። የያዘችልሽን በርበሬ እማዬ ራሷ ናት ያዘጋጀችው፤ ቅመሙን ሁሉ በአፍንጫዋ እየለየች። ቀምሼዋለሁ፣ አንድም አልተሳሳተችም።

አባባ «ልጄን ሳሚልኝ፤ ሹራቡ በልኬ የተሠራ ነው በያት» ብሏል። ማሙሸት ሌላ ሸሚዝ ብትልኪለት በግ እንደማያስጠጋ ይምላል። እትዬ ማሂራና ጋሽ ጃፋር በየአፍጥሩ ስምሽን ጠርተው ዱዓ ያደርጉልሻል። ሳታውቀው ዶሮ ወጥ ያመለጣት ሙሉብርሃንም ሰላም በይልኝ ብላለች።

እማዬ እንደ ልማዷ ከታች በእጇ ልጻፍ ብላ እስክሪብቶውን ተቀብላኝ ነበር። በመሠረተ ትምህርት የተማረችውን ፊደል ምን ያህል ትኮራበት እንደነበር ታውቂያለሽ፤ መስመሯ ዝንፍ አይልም ነበር። ባዶ ቦታ ትቼላት ነበር፤ እሷ ግን የጻፈችው እኔ በጻፍኩት በአባባ ሰላምታ ላይ ነው፤ ፊደል በፊደል ላይ ተደራርቧል። አላስቆምኳትም። ማንበብ ካቃተሽ እንዲህ ነው የሚለው፦ «ልጄ ሙሉዬ፣ እኔ በጣም ደህና ነኝ። ፎቶሽን ጠዋት ማታ አየዋለሁ።»

ታናሽሽ ሰብለ ወንጌል ሀብተ ወልድ
አዲስ ከተማ፣ ሰባተኛ፣ አዲስ አበባ
ጥር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.