በገዛ እጄ የመታሁት ደብዳቤ

ሐሙስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ነቀምት

ምነው ያንን ውጤት ባላመጣሁ ኖሮ! ከአሥር ዓመት በኋላ ወደ ትምህርት ተመልሼ፣ ቀን መሥሪያ ቤት ታይፕ ስመታ ውዬ ማታ ኮሌጅ እየተማርኩ፣ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ጥፋቴ ለአለቃዬ መንገሬ ነው። ሰኞ በውይይት ክበቡ አስጨበጨበልኝ። እኔም እንደ ሞኝ ደስ አለኝ።

ዛሬ ጠዋት በእጁ የጻፈውን ረቂቅ ሰጠኝና፣ «ጓድ፣ በሦስት ኮፒ ምቺልኝ» አለ። አነበብኩት። በትምህርቴ ጎበዝ ስለሆንኩ ቡርቃ ጃቶ ቀበሌ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ሆኜ ተመድቤያለሁ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ማታ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ። የኔስ ክፍል በስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው? በአሥራ ሁለት!

«ታዲያ እኔ መቼ ልማር?» አልኩት።

«ሰፊው ሕዝብ ይቀድማል» ብሎኝ ወጣ።

ይባስ ብሎ የጽዳት ሠራተኛችን አዴ ጫልቱ ሰምተው መጥተው አቀፉኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ደመወዜን በአውራ ጣቴ መፈረም ሊቀርልኝ ነው!» እሳቸውን ምን ልበላቸው?

ቁጭ ብዬ መታሁት። በዚያ ሁሉ ንዴት አንድ ፊደል እንኳ አልሳትኩም። ጎበዝ ነኛ!