ስለ ሰባቱ የመረማመጃ ድንጋዮች፣ ለ«መንገድ ፈጣሪዎች» ሊቀመንበር

ዓርብ፣ ጥቅምት 8 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ የ«መንገድ ፈጣሪዎች» የፎርዊል ነጂዎች ማኅበር ሊቀመንበር

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ከልጆችዎ ባላነሰ የሚሳሱላት ነጭ መኪናዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ፣ ከጎማችሁ የሚፈናጠረውን ጭቃ ከግድግዳችን ላይ ከመፋቅ በቀር ሌላ ሥራ ፈተን፣ ደህና ነን።

ይህን ደብዳቤ መጻፍ ይገባኝ እንደሆነ እንጃ። እውነቱን ለመናገር ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልችልም። እርስዎ ባለፈው ወር ደጃፋችን ቆመው ውሃ ሲጠይቁ መጋረጃው ጀርባ ተደብቄ ብርጭቆውን በእህቴ እጅ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ትምህርቴንም ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልገፋሁም። ደብዳቤውን በወፍጮ ቤቱ በር ላይ፣ የነገውን ጉዞ ማስታወቂያ ከለጠፋችሁበት አጠገብ የምለጥፈው፣ በእጅዎ ለመስጠት ድፍረቱ ስለሌለኝ ነው። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ቢያነበው ግን አልከፋም።

ወደ ወንዙ በሚወርደው ጠባብ መንገድ ላይ የመጨረሻው ቤት የእኛ ነው። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። እኛም ቤት መኪና አለ፤ የስፌት መኪና። እንደ እናንተ መኪና አራት እግር አላት፣ እንደ እናንተ መኪና ትጮኻለች፤ ልዩነቱ ከተቀመጠችበት ተነስታ የሰው ደጅ አለመርገጧ ነው። እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯም ገብቷል። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አሁን ሩቅ መንገድ ላይ ነው። ቤት ውስጥ ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነን። ይህን የምነግርዎ ጨዋታ ለማስረዘም አይደለም፤ የመጣሁበት ዋናው ጉዳይ ይኸው ስለሆነ ነው።

እርስዎ የሥራ ሰው ስለሆኑ ፈልገው እንዳይቸገሩ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ሰላምታችሁ ላመስግናችሁ። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት እያንዳንዱ አባላችሁ መስኮታችን ሥር ሲደርስ ጥሩምባውን ሳይነፋ አልፎ አያውቅም። አንደኛው ጥሩምባ እንደ አህያ ያናፋል፣ ሌላኛው ዘፈን ይጀምርና ሳይጨርስ ያልፋል። እህቴ በደነገጠች ቁጥር መርፌው ጣቷ ውስጥ ይገባል። ሆዷ ውስጥ ያለውም ይደነግጣል፤ እጄን ሆዷ ላይ አስቀምጣልኝ ራሴ አውቄዋለሁ። ገና ሳይወለድ የመኪናዎን ድምፅ ከሌላው ለይቶ ስላወቀ፣ የማኅበሩ አባልነት መታወቂያ ቢዘጋጅለት የሚበዛበት አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሸሚዞቹ። ከሦስት ሳምንት በፊት ለትምህርት ቤት ዩኒፎርም የተሰፉ ነጭ ሸሚዞች ደጃፋችን ላይ ተሰጥተው ሳለ፣ እኛ ለራሳችን ባለ መነጽሩ የምንለው አባላችሁ በኩሬው ውስጥ እየበረረ አለፈና አሥራ አንዱን አንድ ላይ ቀለም ነከራቸው። ሳይቆም ቀረ ብዬ አላማውም፤ ቆሟል፣ መስኮቱንም ዝቅ አድርጓል። እህቴ «ወንድሜ፣ ምነው ቀስ ብትል?» ብትለው «አይዞሽ እህቴ፣ ጭቃ እኮ ነው፣ ይለቃል» ብሏት ጭቃው እሱ ጋ እንዳይገባ ቶሎ መስኮቱን ዘጋ። ለምክሩ ከልብ እናመሰግናለን። እኛ ልብስ መስፋት እንጂ ልብስ እንደሚታጠብ የሚነግረን ሰው አግኝተን አናውቅም ነበር። የእህቴ ባል በዚያው ኩሬ ጭነት ሞልቶ ሲያልፍ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እናቴ፣ አንዴ ጠጋ ይበሉልኝ» እያለ በሰው እርምጃ ነው የሚሄደው፤ እሱ ግን ተራ ሹፌር ነው፣ መንገድ ፈጣሪ አይደለም።

ሦስተኛ፣ የእጅ ሬዲዮዎቻችሁ። መኪኖቻችሁን በጠባቡ መንገድ ላይ ደርድራችሁ፣ በሮቻችሁን ሁሉ በርግዳችሁ፣ እግረኛ የሚያልፍበት ስንዝር ሳታስተርፉ ስትቆሙ፣ አንዱ ከሌላው አሥር እርምጃ ርቆ በሬዲዮ «ትሰማኛለህ?» ይላል። ያኛውም ዞሮ እያየው «እሰማሃለሁ፣ የት ነህ?» ይለዋል። እኛ አንዴ ከአፉ፣ አንዴ ከሬዲዮው፣ ሁለት ሁለት ጊዜ እንሰማለን። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

አራተኛ፣ መኪኖቻችሁ ኋላ ላይ «መንገድ ሲያልቅ እኛ እንጀምራለን» የሚል ጽሑፍ አለ። መንገዳችን እኮ አላለቀም ነበር፤ እናንተ ናችሁ የጨረሳችሁት። በጎማ ቦይ ስታደርጉት ቦዩን ለመሸሽ በባለ ወፍጮው የባቄላ ማሳ ገባችሁ፤ ማሳው ቦይ ሲሆን ደግሞ ከማሳው ወዲያ ባለው። በዚህ አያያዛችሁ ለመጪው ዓመት በእኛ የስፌት ክፍል በኩል ስለምታልፉ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ አስጠግቼ እጠብቃለሁ።

አምስተኛ፣ ስለ ድንጋዮቹ። ወንዙ ላይ ሰባት ጠፍጣፋ የመረማመጃ ድንጋዮች ነበሩ። ሰው ጫማውን ሳያወልቅ የሚሻገርባቸው፣ እኔም መራመድ የተማርኩባቸው ናቸው። ከወንዙ ማዶ ጤና ጣቢያው አለ፣ አዋላጇም እዚያ ናቸው። ከሃያ ቀን በፊት አንዱ መኪናችሁ ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ ሁለቱን ነቅላችሁ ከጎማው ሥር አነጠፋችኋቸው። ባለ ወፍጮው ጋሼ ሌላ ድንጋይ አንከባለው ተኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የተተኩትንም ጨምራችሁ አራቱን ወሰዳችሁ፤ ሁለቱ ከጎማው ሥር ተሰንጥቀው ቀሩ፣ ሌሎቹን ሁለት ጎርፍ ይዟቸው ሄደ። እህቴ ሆዷን ይዛ ወደ እርስዎ ወርዳ «ጌታዬ፣ ድንጋዮቹን እንኳ መልሱልን» ስትል፣ እርስዎ በፈገግታ «እህቴ፣ ወንዝ እኮ የሁላችንም ነው» ብለዋታል። እውነትዎን ነው። ከሁላችንም ወንዝ ውስጥ የእኛ ድርሻ ያቺ ሰባት ድንጋይ ነበረች።

ባለፈው ረቡዕ አዋላጇ እህቴን ሊያዩ ሲሻገሩ ከሦስተኛው ድንጋይ ወደማይገኘው አራተኛ ተራመዱ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት እስከ ወገባቸው ገቡ። ቦርሳቸው ራሰ፣ የፅንስ ልብ የሚያዳምጡበትን የእንጨት መሣሪያም ውሃው ወሰደው። ደጃፋችን ደርሰው ቀሚሳቸውን እየጨመቁ «እኔ አዋላጅ ነኝ እንጂ ዋናተኛ አይደለሁም፣ ልጄ» አሉኝ። እኔ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም። ከዚያ ጠብ ጠብ የሚለውን ፀጉራቸውን በፎጣ ጠቅልለው ጆሯቸውን በእህቴ ሆድ ላይ አስጠግተው አዳመጡ። ሲጨርሱ «ጭንቅላቱን አዙሯል፤ ከዚህ ቅዳሜ የሚዘል አይመስለኝም» አሉ። ማዶ ምጥ የሚጠብቁ ሌሎች ሁለት ሴቶች ስላሏቸው እኛ ቤት አድረው ሊጠብቁ አይችሉም። እህቴም በላይኛው ድልድይ ዞራ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ እንዳትሄድ ከልክለዋታል፤ ደሟ አነስተኛ ነው፣ የመጀመሪያ ልጇንም መንገድ ላይ ነው ያጣችው። «ምጡ ሲጀምር ላኪብኝ» ብለዋት ሄዱ። የምላከው እኔ ነኝ።

ቁጥር ልሰጠው ያፈርኩበት ነገር ደግሞ አለ። ድንጋዮቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲወሰዱ፣ መናገር ስላልቻልኩ ልጻፍ ብዬ ከስፌት መኪናው ጀርባ የነበረ ሳንቃ አወጣሁ። መስኮት ተቀብቶ በተረፈ ቀለምም «እባካችሁ በዚህ አትለፉ» ብዬ ጻፍኩ። ጻፍኩ መስሎኝ ነበር። የ«ለ»ን እግር ሰበር አድርጌው ኖሮ «አትልፉ» ሆኖብኛል። እንዳታልፉ ልለምን ወጥቼ፣ እንዳትደክሙ መክሬያችሁ ገባሁ ማለት ነው። ያን ዕለት አጥሩ ጀርባ ቆሜ ሰምቻችኋለሁ። ባለ መነጽሩ «ኧረ አንለፋም እማዬ፣ የሚለፋው ሞተሩ ነው» ሲል እንባችሁ እስኪወርድ ሳቃችሁ። ተራ በተራ ከሳንቃው አጠገብ ፎቶ ተነሳችሁ። እርስዎም ሳንቃውን ነቅለው በመኪናዎ ግንባር ላይ አሰሩት። ባለፈው ቅዳሜ «በዚህ አትልፉ» የሚል ተለጣፊ በዘጠኝ መኪኖች ላይ ቆጥሬያለሁ፤ በጥሩ ወረቀት ላይ፣ ስህተቱን ሳታጎድሉ አሳትማችሁታል። ጽሑፌ ታትሞ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ላመሰግን ይገባኛል።

አንድ ሳምንት ሙሉ ከቤት አልወጣሁም፤ ክር እንኳ እህቴ ናት ወርዳ የገዛችው። አንድ ቀን ማታ፣ ያስቀረሁትን ሥራ እየጨረሰች እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ የተሳሳትሽው ፊደሉን ነው፣ ነገሩን አልተሳሳትሽም። እነሱ ግን ነገሩ ገብቷቸው ነው ፊደሉን ያነበቡት።» ሳንቃው ተተክሎ የነበረው ድንጋዩ ከተነቀለበት ጉድጓድ ዳር ላይ ስለሆነ፣ ስንተኛ ክፍል የደረሰ ሰው ቢያነበው ሊሳሳት እንደሚችል ማወቅ እፈልጋለሁ። ይህኛውን ደብዳቤ እህቴ በእርሳስ አርማልኛለች። ለተለጣፊ የሚሆን ስህተት ካልተገኘበት አዝናለሁ።

አሁን ወደ ማስታወቂያችሁ ልምጣ። «ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ የውሃ መሻገር ውድድር። ሠላሳ መኪና ይሳተፋል። ቤተሰብ ይዛችሁ ኑ» ይላል። የመጨረሻዋን መስመር ደጋግሜ አነበብኳት። እኛም በዚያው ቀን አንድ ቤተሰብ ልንጨምር እየጠበቅን ነው፤ የምንጨምረው ግን ሌላ አንዲት ሴት በዚያው ውሃ መሻገር ከቻሉ ብቻ ነው። ሠላሳ መኪና ጠዋት ተሰልፎ ማታ ሲበተን፣ ውሃው እስከ ወገብ ይበጠበጣል፣ ዳርና ዳሩም ይፈርሳል፤ የቀሩት ሦስት ድንጋዮችም ከየትኛው ጎማ ሥር እንደሚውሉ እርስዎ ያውቃሉ። ውድድሩን ወደ ሌላ ቀን እንዲያዛውሩ ባለ ወፍጮው ጋሼ ትናንት ለምነዎት፣ «ሰው ከሩቅ ተጠርቷል፣ አይሆንም» ብለዋቸዋል። አዋላጇም የሚጠሩት ከሩቅ ነው።

ስለዚህ ጊዜዎን ስላጠፋሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለጥሩምባችሁ፣ ለጭቃችሁ፣ ለምክራችሁ፣ ለሳቃችሁና ለፈገግታዎ የማይነጥፍ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ጎማዎ አይተንፍስ፣ መስኮትዎ አይቆሽሽ፣ የሚወዱትም ሰው ሌሎች ተጫውተው እስኪጨርሱ ዳር ቆሞ ሐኪም የሚጠብቅበት ቀን አይምጣብዎ።

መጋረጃው ጀርባ ሆና ዘወትር የምታይዎት፣
በመንገዱ መጨረሻ ቤት የምትኖር ቁልፍ ተካይ

ማስታወሻ፦ መኪኖቻችሁ ውሃው መሃል ሲሰምጡ ባለ ወፍጮው ጋሼ ዘንድሮ ብቻ አምስት ጊዜ ጎትተው ያወጧችሁ ያ ወፍራም ገመድ፣ ነገ ሥራ ስላለው እንዳትጠይቋቸው። ነገ ጎህ ሲቀድ እሳቸውና እኔ ከዚህ ዳር ካለው ግንድ እስከ ማዶው ግንድ በወገብ ልክ እንወጥረዋለን፤ እማማ አዋላጇ ይዘውት እንዲሻገሩ። በመኪና ልክ ሲታይ መሪው ፊት ለፊት ይሆናል መሰለኝ። የግድ መሻገር ካለባችሁ ላይኛው ድልድይ አለ፤ ለነፍሰ ጡር ይርቃል እንጂ፣ የእናንተ መኪኖች የማይደርሱበት የለም ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ በርጩማዬንና ቁልፎቼን ይዤ ቋጠሮው ሥር እቀመጣለሁ። ከቤታችን መስኮት እስከዚያ ድረስ ድምፅ ይሰማል፤ እህቴ መስታወቱን በመቀስ ስታንኳኳ ገመዱን ይዤ ተሻግሬ እማማን አመጣለሁ። ብታናግሩኝ መልስ አልሰጥም፤ አመሌ ነው፣ እንደ ንቀት አትዩብኝ። ገመዱን የምፈታው እሳቸው ልጁን አዋልደው፣ ታጥበው፣ ወደ ማዶ ከተመለሱ በኋላ ነው።