«አትወጣም» ብዬ የጻፍኩባት ሆቨርክራፍት

ለምሳሳልሽ እህቴ ለእታለም፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ደረጃ ስትወጪ የሚይዝሽ ቁርጥማት ለቀቀሽ? ዓይንሽስ አዲሱን መነጽር ለመደው? ልጆቹስ፣ አባታቸውስ ደህና ናቸው? እኔ አካሌ ደህና ነው፤ ያረረው ቆሽቴ ነው። ሌላ የምነግረው ሰው ስላጣሁ አንቺው ስሚኝ።

ስለ ሥራዬ ሳወራሽ ሁሌ ትስቂያለሽ። ሆቨርክራፍት ማለት ያቺ ከሥሯ አየር እየነፋች፣ ዙሪያዋን የጎማ ቀሚስ ለብሳ፣ ውሃውን ሳትነካ የምትሄድ ጀልባ ናት። በክበባችን ዘጠኝ አሉ፤ ባለቤቶቹ በእረፍት ቀናቸው በቡድን ሆነው ሐይቁን ያቋርጡባቸዋል። ከጉዞው በፊት ሞተራቸው ቢጠፋ ይንሳፈፉ እንደሆነ የማረጋግጠው እኔ ነኝ። ዳር ላይ ውሃ ውስጥ እገፋቸዋለሁ፤ በሰዎቹ ክብደት ልክ የአሸዋ ከረጢት እጭናለሁ፤ ውታፋቸውን ነቅዬ ውሃ አስገባለሁ፤ ከዚያ እስከ ወገቤ ውሃ ውስጥ ቆሜ ሃያ ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከወለሉ ሥር የታሸገው የሚያንሳፍፋቸው ፎም ደህና ከሆነ ጠርዛቸው ከውሃው ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይቀራል።

ባለፈው ሳምንት ዓርብ ስምንቱ አለፉ። ዘጠነኛዋ የክበባችን ሊቀመንበር የሆነው የጥርስ ሐኪም ንብረት ናት። ሰባት ደቂቃ እንኳ ሳትቆይ የኋላ ጥጓ ውሃ ውስጥ ገባ። አውጥቼ ወለሉን ብከፍተው ፎሙን አይጥ ቦርቡሮታል፤ የቀረውን ጨመቅ ሳደርገው እንደ ዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውሃ ተንዠቀዠቀ። ቅጹ ላይ በትልቁ «አትወጣም» ብዬ ጻፍኩ።

ሐኪሙ መጥቶ አነበበው። ሞተሩ እስከሠራ ድረስ ውሃ አይነካትም፣ ለምትበር ነገር መንሳፈፍ ምን ያደርግላታል አለኝ። ሞተሩ ሲቆምስ ብዬ ብጠይቀው በቅርቡ አስጠግኜዋለሁ አለ። ዞር ብሎ ለጓደኞቹ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም!» ሲላቸው ሁሉም በሳቅ ፍርስ አሉ። እታለም፣ አምስት ዓመት ሙሉ እዚያ ውሃ ውስጥ የቆምኩት ለእነሱ ነፍስ ነበር። የክበቡ ጸሐፊ ቅጹን «እኔ ጋ ይቀመጥ» ብሎ ተቀበለኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ አልኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እሑድ ጠዋት ለጉዞው ስመጣ ያቺው ሆቨርክራፍት ከፊት ተሰልፋለች። የፊት ወንበሯ ላይ የሐኪሙ አማት፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን ላጠብቅላቸው ጎንበስ ስል፣ ልጄ በዚህ ሙቀት ይሄ ለምንድን ነው አሉኝ። መዋሸት አቃተኝ። «እማማ፣ ይቺ ነገር ሞተሯ ከቆመ ትሰጥማለች» አልኳቸው። ቦርሳቸውን አንስተው ወረዱ። አማቻቸው ሲያፈጥባቸው «እኔ ከመሬት ጋር ጠብ የለኝም» ብለው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ።

ሐኪሙ ብቻውን ወጣ። ጃኬቱንም አልለበሰም፤ ከወንበሩ ሥር ወሽቆታል። ከቡድኑ ጋር ሐይቁ መሀል ሲደርስ አየር የሚነፋው ማራገቢያ ላይ የውሃ ሣር ተጠመጠመና ሞተሩ ቀጥ አለ። ሌሎቹ በሬዲዮ ሲጮኹ ሰምቼ በነፍስ አድን ጀልባው ስደርስ የኋላ ወገኗ ሰጥሟል፤ እሱ አፍንጫዋ ላይ ተጣብቆ ከንፈሩ ጠቁሯል። ጎትቼ አወጣሁት። 

አሁንማ አመስግኖኝ ይሆናል ብለሽ ታስቢያለሽ። ማክሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ሐኪሙ ተነሥቶ፣ ምርመራው በደንብ ስላልተደረገ አደጋ ደረሰብኝ አለ። ቅጹ ይውጣ ብል ጸሐፊው ጠፍቷል አለ። ዓርብ ዕለት የሳቁት ሁሉ ጫማ ጫማቸውን ያያሉ። ደሜ ፈልቶ ሥራውን ጥዬ ልሄድ በሩ ድረስ ደርሼ ነበር። ግን እኔ ከሄድኩ ውታፉን ማን ይነቅላል? ተመለስኩና፣ ከእንግዲህ ቅጹ ሁለት ይሆናል፣ አንዱ እኔ ኪስ ይገባል አልኳቸው። ማንም አልተቃወመም፤ ማንም ይቅርታም አላለኝም።

ዛሬ ሐኪሙ አዲስ ፎም አስገብቶ አመጣት። ሰው ፊት «አሁን እንኳ ደህና አድርገህ እያት» አለኝ። ምላሴን ነክሼ ውሃው ውስጥ ገባሁ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አጠገቧ ቆምኩ። አልዋሽሽም፣ እንድትሰጥም የሚመኝ ልብ ነበረኝ። አልሰጠመችም። ጠርዟ ከውሃው ስንዝር ከሁለት ጣት ከፍ ብሎ ቀረ። እርጥብ እጄን ሸሚዜ ላይ ጠረግኩና «ትወጣለች» ብዬ ጻፍኩ። ፎሙ ምን አጠፋ?

ለባልሽ፣ ሣቁ ናፍቆኛል በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ ለፈተናዋ በርቺ ተብላለች፤ ትንሹን ጉንጩን ንከሽልኝ። ልብስ ሰፊዋን ጎረቤታችንን ስለ ሸሚዙ አመስግኚልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ደብዳቤውን ስታነቢላት ግን ውሃ ያለበትን ሁሉ ዝለዪው፣ እንቅልፍ ታጣለች።

ወንድምሽ
ከሐይቁ ዳር፣ ከጥገናው ክፍል
ቅዳሜ፣ ሰኔ 7 ቀን